ረጃጅሞቹ የእንጨት ሕንፃዎችና መውጫ ያጣ ውሃ

ፎቅ በእንጨት ሊሠራ ነው ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ እሳት ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መሐንዲሶችም ብዙ ደክመውበታል። ወፍራም እንጨት ሲቃጠል ላዩ ይከስላል፤ ከሰሉ ደግሞ የውስጡን እንጨት ለተወሰነ ጊዜ ይከላከላል። ውፍረቱም ይህ ተሰልቶ ነው የሚወሰነው። እሳት ደግሞ ይታያል፣ ይሸታል፣ ደወል ያስጮኻል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ሳይታይና ሳይሸት ለወራት ግድግዳ ውስጥ የሚቀመጠው ውሃ።

ጉዳዩ የወቅቱ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኖርዌይ ውስጥ ብሩሙንዳል በምትባል ትንሽ ከተማ ሚዮስቶርኔት የተባለው ባለ 18 ፎቅ የእንጨት ሕንፃ ተጠናቀቀ። ቁመቱ 85.4 ሜትር ነው። በ2022 አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ ላይ አሴንት የተባለው ባለ 25 ፎቅ በ86.6 ሜትር በለጠው። የታችኞቹ ፎቆቹ ኮንክሪት ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን በአብዛኛው እንጨት ነው። የ2021ዱ ዓለም አቀፍ የሕንፃ ኮድ፣ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ግዛቶች የሚከተሉት፣ እስከ 18 ፎቅ በእንጨት መሥራት ይፈቅዳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሲሚንቶና ብረት ማምረት ብዙ ካርቦን ያወጣል። እንጨት ደግሞ ካርቦኑን በውስጡ ይዞ ይቆያል። ይህን ሐሳብ እደግፋለሁ። ስለምደግፈው ነው ስለ ውሃው የምጽፈው። የበሰበሰ ሕንፃ ፈርሶ እንደገና ሲሠራ የተቆጠበው ካርቦን ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

የምናወራው ስለ ተራ ጣውላ አይደለም። በጣም የተስፋፋው ዓይነት ሲኤልቲ ይባላል። በ1990ዎቹ በኦስትሪያና በጀርመን አካባቢ ነው ያደገው። የደረቁ ሳንቃዎች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። በላያቸው ሌላ ረድፍ በተቃራኒ አቅጣጫ ይነጠፋል። በኮላ ይጣበቅና በማሽን ይጨመቃል። ኮምፔንሳቶ የሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ቶሎ ይገባዋል፤ እዚህ ግን አንዱ ድርብ ብቻውን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ይወፍራል፣ ተጣብቆ ሲያልቅ ግድግዳና ሶሌታ ይሆናል። ሌላው ግሉላም ነው። እሱ ሳንቃዎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ተጣብቀው ምሰሶና ቢም የሚሆኑበት ነው።

ፋብሪካው ሳንቃውን ከማጣበቁ በፊት በምድጃ ያደርቀዋል። ሲወጣ የእርጥበት መጠኑ 12 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ማለት መቶ ኪሎ ፍጹም ደረቅ እንጨት 12 ኪሎ ውሃ ይዟል ማለት ነው። እንጨት ሁልጊዜ የተወሰነ ውሃ ይይዛል፤ ይህ ችግር አይደለም። 20 በመቶ ሲደርስ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ከ26 እስከ 30 በመቶ ባለው መካከል ደግሞ የእንጨቱ ቃጫ ውሃ ጠግቦ መያዝ ያቅተዋል። አብስባሽ ፈንገስ የሚፈልገው ይህን ነው። ዘሩ አየር ላይ የትም አለ። ምግቡ እንጨቱ ራሱ ነው። ኦክስጅንና ለሰው የሚመች ሙቀትም ያገኛል። የጎደለው ውሃ ብቻ ነው። ውሃውን ለሳምንታት ሳይቋረጥ ካገኘ ሥራውን ይጀምራል።

ከዚህ ቀድሞ የሚመጣው ሻጋታ ነው። ሻጋታ ላይ ላዩን ይበቅላል፣ ይሸታል፣ ደረት ያማል፤ የእንጨቱን ጉልበት ግን ብዙም አይነካም። አብስባሽ ፈንገስ ግን ሌላ ነው። ቡናማ ብስባሴ የሚባለው ዓይነት የቃጫውን ሰንሰለት ከውስጥ ይቆራርጣል። ክፋቱ እንጨቱ ከክብደቱ ጥቂቱን ብቻ ባጣበት፣ ዓይን ምንም በማያይበት ጊዜ፣ ጥንካሬው በብዙ መውረዱ ነው። ቀለሙ ጠቁሮ፣ በአራት ማዕዘን ተሰነጣጥቆ ሲታይ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል።

አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ስፕሩስ፣ ማለትም አውሮፓ ውስጥ ሲኤልቲ በብዛት የሚሠራበት የጥድ ዘመድ፣ ደረቅ ክብደቱ በኩብ ሜትር 400 ኪሎ ያህል ነው። 20 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ሶሌታ ቢሆን አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ኪሎ ይመዝናል። ከፋብሪካ ሲወጣ የያዘው ውሃ 10 ሊትር ገደማ ነው። 28 በመቶ ቢደርስ 22 ሊትር ይሆናል። ልዩነቱ 12 ወይም 13 ሊትር ነው። 13 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ልክ 13 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የሚጥል ጥሩ ዝናብ ይህን ያህል ያወርዳል።

እርግጥ ዝናቡ ሁሉ ወደ ውስጥ አይገባም። አብዛኛው ከላይ ይፈሳል፣ ይተናል። እንጨቱም እኩል አይጠጣም። ወሳኙ ይህ ነው። የሳንቃው ፊት ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው። የተቆረጠው ጫፍ ግን የዛፉ ውሃ መተላለፊያ ቱቦዎች የተከፈቱበት ስለሆነ በብዙ እጥፍ ይጠጣል። ስለዚህ የሶሌታው አማካይ እርጥበት 14 በመቶ ሆኖ ሳለ አንዱ ጠርዝ፣ አንዱ የምሰሶ እግር፣ አንዱ የቧንቧ ቀዳዳ ዙሪያ 30 በመቶ ሊሆን ይችላል። ሕንፃውን የሚጎዳው አማካዩ አይደለም፤ ያ አንድ ቦታ ነው።

የአገራችንን ጭቃ ቤት የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ቋሚው የሚበሰብሰው መሃሉ ላይ አይደለም፤ አፈር የሚነካው እግሩ ላይ ነው። ለዚህ ነው ሰው የቋሚውን እግር በእሳት የሚለበልበው ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀባው፣ አቅም ያለው ደግሞ የድንጋይ መሠረት የሚያወጣው። ረጃጅሞቹ የእንጨት ሕንፃዎችም አንዱ ትልቅ ደካማ ጎናቸው እዚያው ነው። የግድግዳው ታችኛ ጫፍ ኮንክሪቱ ላይ የሚያርፍበት ቦታ።

የወፍራም እንጨት ሌላው ጣጣ አደራረቁ ነው። ቀጭን ሳንቃ ረጥቦ በቀናት ይደርቃል። ወፍራም ሲኤልቲ ግን መሃሉ የገባው ውሃ ለመውጣት ወራት ሊፈልግ ይችላል። በሳንቃዎቹ መካከል ያለችው ክፍተትና በሁለት ሶሌታዎች መጋጠሚያ ያለው ስንጥቅ ውሃውን ወደ ውስጥ ይመራዋል፤ ለመውጣት ግን አያግዘውም። ኮንትራክተሩ ቸኩሎ ከላይ ኮንክሪት ካፈሰሰበት ወይም ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን፣ ካለበሰው ደግሞ አለቀ። መውጫው ተዘጋ። ዛሬ ሕንፃ ሙቀት እንዳያባክን ተብሎ በየአቅጣጫው ይታሸጋል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አየር እንዳያሳልፍ የታሸገ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የገባውን ውሃም አያስወጣም። ያረጀ የእንጨት ቤት በየስንጥቁ ይተነፍስ ስለነበር ቢረጥብም ይደርቃል። አዲሱ ያን ዕድል የለውም።

ይህ ግምት አይደለም። ሁለት አገሮች በብዙ ቢሊዮን ዶላር ተምረውታል። ያኔ ሲኤልቲ እዚያ አልገባም ነበር፤ የተጎዱት በቀጭን የእንጨት አውታር፣ ማለትም በቀጫጭን ቋሚና አግዳሚ፣ የተሠሩ ቤቶች ነበሩ። አበሰባበሱ ግን ያው ነው።

ካናዳ ውስጥ ቫንኩቨር ዝናባማ ከተማ ናት። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እዚያ የተሠሩት ብዙ ኮንዶሚኒየሞች የካሊፎርኒያን ቅርጽ የተከተሉ ነበሩ። የጣራ ክፈፍ የላቸውም። ግድግዳቸው በልስን ተለብጧል። ልስኑ ውሃ ጨርሶ እንዳያስገባ ታስቦ ነው የተሠራው። ግን ልስን ይሰነጠቃል፣ በመስኮት ጥግ በኩል ውሃ ይገባል። ከገባ በኋላ ከውስጥ ፕላስቲክ፣ ከውጭ ልስን ይዞት አይወጣም። በ1998 የቀድሞው የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቭ ባሬት የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ጉዳዩን መረመረ። ጉዳቱ 4 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል እንደሚደርስ ተገምቷል። ለዓመታት የከተማዋ ሕንፃዎች በሸራ ተጠቅልለው ሲጠገኑ ይታዩ ነበር። ወጪውን በአብዛኛው የሸፈነው ቤቱን የገዛው ሰው ነው። ገንቢዎቹ ለአንድ ሕንፃ ብቻ የተቋቋሙ ኩባንያዎች ስለነበሩ ብዙዎቹ ሥራው እንዳለቀ ፈርሰዋል።

ኒውዚላንድ የባሰ ነበር። እዚያ ለቤት አውታር የሚውለው ራዲያታ የተባለው ጥድ ነው። በተፈጥሮው ብስባሴን አይቋቋምም። ስለዚህ ለአሥርት ዓመታት በቦሮን መድኃኒት ይነከር ነበር። በ1990ዎቹ ግን በምድጃ የደረቀ እንጨት ሳይነከር ግድግዳ ውስጥ እንዲገባ ተፈቀደ። የተሰጠው ምክንያት ሲሰሙት ልክ ይመስላል፤ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ግድግዳውም ይደርቃል፣ ታዲያ መድኃኒቱ ለምን? በዚያው ዘመን የግንባታ ሕጉ ላላ። ክፈፍ የሌለው፣ በልስን የታሸገ ቤት ፋሽን ሆነ። በመስኮት ጫፍ ውሃን ወደ ውጭ የምትመልሰው ቁራጭ ቆርቆሮ በብዙ ቤቶች ተረሳች ወይም በትክክል አልገባችም። ነገሮቹ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ይቻሉ ነበር። አንድ ላይ ሲመጡ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግድግዳዎች በእጅ የሚፈረፈሩ ሆኑ። በ2009 ለመንግሥት የቀረበው ግምት 42,000 የሚሆኑ ቤቶች መጎዳታቸውን፣ ወጪውም 11.3 ቢሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር እንደሚደርስ አመለከተ። እንጨቱን በመድኃኒት ማከም በ2004 እንደገና ግዴታ ሆኗል።

የኒውዚላንዱ ታሪክ ለዛሬዎቹ ረጃጅም ሕንፃዎች በቀጥታ ይናገራል። ስፕሩስም ብስባሴን በመቋቋም በኩል ደካማ ከሚባሉት እንጨቶች ነው። መድኃኒትም በቀላሉ ወደ ውስጡ አይገባም። ተጣብቆ ካለቀ በኋላ ደግሞ ያን ግዙፍ ሶሌታ መንከር አይታሰብም። ስለዚህ አብዛኛው ሲኤልቲ ያለ መድኃኒት ነው የሚገባው። መከላከያው ደረቅ ሆኖ መቆየቱ ብቻ ነው። የአውሮፓ ሕግም ይህን ስለሚያውቅ ሲኤልቲን ዝናብ በቀጥታ በሚመታው ቦታ ላይ እንዲያገለግል አይፈቅድም። ሌላ ሁለተኛ መከላከያ የለም። ይህን ሳስብ ለዲዛይን ስህተት የተተወችው ቦታ በጣም ጠባብ ሆና ትታየኛለች።

ስለ ኮላውም መናገር ያስፈልጋል፤ ሰው የሞተበት ታሪክ አለ። ጥር 2 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን ውስጥ ባድ ራይሽንሃል በምትባል ከተማ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ጣራ ወደቀ። 15 ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ጣራውን የያዙት በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ፣ ከእንጨት ተጣብቀው የተዘጋጁ ሳጥን መሳይ ቢሞች ናቸው። በዕለቱ ብዙ በረዶ ወርዶ ነበር፤ ክብደቱ ግን ጣራው ይችላል ከተባለው በታች ነበር። ምርመራው የስሌት ስህተቶች አገኘ። ከዚያ ሌላ የተገኘው ቢሞቹ የተጣበቁበት የዩሪያ ኮላ ለእርጥብ ቦታ የማይሆን መሆኑ ነው። ከበረዶው የሚነሳው ቅዝቃዜ የአየሩን እርጥበት ቢሙ ላይ ጤዛ ያደርገዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያ ጤዛ ኮላውን ቀስ በቀስ አዳከመው። ዛሬ ለሲኤልቲ የሚውሉት የፖሊዩሬቴንና የሜላሚን ኮላዎች እርጥበትን ከዩሪያው በብዙ ይቋቋማሉ፤ በዚያ በኩል ነገሩ ተሻሽሏል። ያልተሻሻለው ሌላ ነው። አዳራሹ ለዓመታት በሰው የተሞላ ነበር፤ ቢሞቹን ግን በቅርብ፣ በደንብ የመረመረ አልነበረም።

አሁን ወደ ግንባታ ቦታው እንምጣ። ሲኤልቲ ውስጥ ብዙው ውሃ የሚገባው ሕንፃው ገና ሰው ሳይገባበት፣ ጣራ ሳይኖረው ነው። ደቡብ ስዊድን ውስጥ ቬክሾ የምትባል ከተማ ሊምኖሎገን የተባሉ አራት ባለ ስምንት ፎቅ የእንጨት ሕንፃዎች አሏት። በ2008 አካባቢ ሲሠሩ ከላያቸው ትልቅ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሕንፃው ሲያድግ ድንኳኑም ከፍ ይላል። ሠራተኛውም እንጨቱም ሳይረጥቡ ሥራው ተሠራ። ቫንኩቨር ደግሞ ያ ሁሉ ኪሳራ የደረሰባት ከተማ ናትና በ2016 ሌላ መንገድ አሳየች። ብሮክ ኮመንስ የተባለውን ባለ 18 ፎቅ የተማሪዎች መኖሪያ ለመሥራት የእንጨቱ አካል የተገጠመው በበጋ፣ ከ70 ባነሰ ቀን ውስጥ ነው። መስኮት የተገጠመለት የውጭ ግድግዳ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ መጥቶ ፎቁን ከሥር ከሥር እየተከተለ ይዘጋው ነበር። እንጨቱ ዝናብ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ።

ሁለቱም ዘዴ ገንዘብ ይፈልጋል። ድንኳን ውድ ነው። ፕሮግራም ማሳጠር ቅድመ ዝግጅት ይጠይቃል። ዋጋ ሲቀነስ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ነው፤ ሕንፃው ሲያልቅ ስለማይታይ። በእኔ እምነት ትልቁ ችግር ቴክኒክ አይደለም፣ ውል ነው። እንጨቱ በምን ያህል እርጥበት እንደመጣ ማን ይመዘግባል? ዝናብ ሲጥል ሶሌታው ላይ የቆመውን ውሃ የሚጠርገው ማነው? ከመሸፈኑ በፊት በመለኪያ ታይቶ «ደርቋል» ብሎ የሚፈርመው ማነው? ውሉ ላይ ስም ካልተጻፈ ማንም አያደርገውም። መለኪያው እኮ ርካሽ ነው። ሁለት መርፌ ያለው፣ እንጨቱ ላይ ተወግቶ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ነው። ችግሩ ተጠቅሞ ለመጠበቅ መወሰን ላይ ነው። «ገና 22 በመቶ ነው፣ ሁለት ሳምንት እንጠብቅ» ማለት ለኮንትራክተር ቀላል አይደለም።

ሰው ከገባ በኋላ ያለው አደጋ ደግሞ ከሰማይ ብቻ አይመጣም። ከቧንቧ፣ ከሻወር ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ከእሳት ማጥፊያው የውሃ መስመር ይመጣል። ኮንክሪት ላይ ውሃ ሲንጠባጠብ ታች ያለው ጎረቤት ኮርኒሱ ላይ ያየዋል፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል፣ ነገሩ ያበቃል። እንጨት ላይ ግን ያው ጠብታ ሕንፃውን የተሸከመውን አካል ነው የሚነካው። ሶሌታው ውሃውን እየጠጣ ስለሚይዘውም ታች ያለው ሰው ምንም ላያይ ይችላል። ኢንሹራንስ ድርጅቶች በእነዚህ ሕንፃዎች ላይ ጠንከር የሚሉት እሳቱን ብቻ ፈርተው አይደለም፤ ውሃውንም ነው። አልፈርድባቸውም። ጥሩ ዲዛይን የሚያደርጉ ሰዎች መታጠቢያ ቤቶቹን አንዱን በሌላው ላይ ይደረድራሉ። ከሥራቸው ሜምብሬንና ፍሳሽ መውጫ ያደርጋሉ። ቧንቧውን ከፍተው ሊያዩት በሚችሉት ቦታ ያሳልፋሉ። በአደገኛ ቦታዎች ላይ እርጥበት የሚከታተል ሴንሰር ይቀብራሉ። ይህ ቅንጦት አይደለም። ለእንጨት ሕንፃ የግዴታ ዕቃ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንጨት በትክክል ከተያዘ ዕድሜው ረጅም ነው። ላስታ ውስጥ ይምርሐነ ክርስቶስ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል። ግድግዳው እንጨትና ድንጋይ ተፈራርቆ የተሠራ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አይነካውም። ኖርዌይ ውስጥ የቦርጉንድ የእንጨት ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ የተሠራ ነው። እሱን ዋሻ አልጠለለውም። ከሱ በፊት የነበሩት ምሰሷቸው መሬት ውስጥ ይቀበር ነበርና በስብሰው ጠፉ። የቦርጉንዱ ግን ድንጋይ ላይ ተነሥቶ ቆመ፤ ድርብርብ ጣራም ተደረገለት። ሁለቱም ስምንት መቶ ዓመት ያህል ኖረዋል።

ሲያትል፣ ሚኒያፖሊስ ወይም ዋሽንግተን አካባቢ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነገሩ ሩቅ አይደለም። የምትከራዩት ወይም የምትገዙት አፓርታማ በአብዛኛው የእንጨት አውታር ነው፤ ሲኤልቲውም እየመጣ ነው። ኮንዶ ልትገዙ ከሆነ ኪችኑን ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ። የባለቤቶች ማኅበሩን የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ጠይቁ፤ ስለ ማፍሰስ የተነሣ ነገር ካለ እዚያ ተጽፏል። ለጥገና የተቀመጠ ገንዘብ ስንት እንዳለ እዩ፤ ከሌለ ወጪው ወደናንተ ነው የሚመጣው። የሚመረምርላችሁ ሰው የእርጥበት መለኪያ ይዞ ይምጣ፤ መስኮት ሥር፣ በረንዳው ግድግዳውን በሚነካበት፣ ሻወሩ ጀርባ ይለካ። ግድግዳ ላይ ያበጠ ቀለም ካያችሁ በቀለም አትሸፍኑት፣ ይከፈት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለከተማ ፎቅ ዛሬም ኮንክሪት ነው ጌታው። አንድ ቀን ሲኤልቲ ገብቶ ከተሠራበት ግን ከአውሮፓ የመጣው ዝርዝር እንዳለ የሚገለበጥ አይሆንም። አዲስ አበባ አብዛኛውን ዝናቧን በክረምቱ ወራት አከታትላ ነው የምታገኘው፤ ያኔ የተከፈተ ሶሌታ የሚደርቅበት ፀሐይ የለም። የእንጨቱ ገጠማ ከጥቅምት በኋላ ተጀምሮ ጣራው ከሰኔ በፊት መዘጋት አለበት። ከዚያ ደግሞ ምስጥ አለ። ሰሜን አውሮፓ የማያውቀው ጠላት ነው፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ይወዳል። መሠረቱ ላይ ምስጥ የማያልፈው መከላከያና በየዓመቱ ተከፍቶ የሚታይ ቦታ ከመጀመሪያው ፕላን ላይ ተሥሎ መቅረብ ይኖርበታል።